«32 ፐርሰንት መጣብኝ»፦ የተመሳሳይነት ሪፖርት የሚነግረንና የማይነግረን

ግንቦት አልፎ ሰኔ ሲገባ ስልኬ ላይ የሚደርሱኝ መልእክቶች ይመሳሰላሉ። «ተርኒቲን 32 ፐርሰንት አወጣብኝ፤ አለቀልኝ ማለት ነው?» «አማካሪዬ ከ20 በታች አድርገሽ አምጪ አሉኝ፤ እንዴት ነው የሚወርደው?» «ቴሌግራም ላይ ቼክ አድርጎ የሚቀንስ ሰው አለ፤ ቴሲሴን ልላክለት?»

ጠያቂዎቹ ሌቦች አይደሉም። ወር ሙሉ መጠይቅ ይዘው ቀበሌ ለቀበሌ የዞሩ፣ ሌሊቱን ቁጭ ብለው ቴሲስ (የመመረቂያ ጽሑፍ) የጻፉ ልጆች ናቸው። የሚጨነቁት ተርኒቲን የሚባለው ጽሑፍ የሚያወዳድር ሶፍትዌር ያወጣባቸውን ቁጥር እንደ ፍርድ ስለሚያዩት ነው። ቁጥሩ ግን ፍርድ አይደለም። ምን እንደሆነ፣ ከየት እንደሚመጣና ሥራችሁን ከማስገባታችሁ በፊት እንዴት እንደሚረዳችሁ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ሦስተኛውን መልእክት ለላከችልኝ ልጅ ግን መልሱን አሁኑኑ ልስጥ፦ አትላኪ። ምክንያቱን ወረድ ብዬ እነግራችኋለሁ።

ሪፖርቱ ራሱ ምንድን ነው?

የተመሳሳይነት ሪፖርት፣ ተማሪው በአጭሩ «ሲሚላሪቲ» የሚለው፣ ጽሑፋችሁን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር አስተያይቶ የሚገጥመውን ቦታ በቀለም የሚያሳይ ሰነድ ነው። አንድ ፐርሰንት ይሰጣል። የገጠሙትን ዓረፍተ ነገሮች ያቀልማል። በጎን በኩል የምንጮች ዝርዝር ያወጣል። ከዚህ ያለፈ ሥራ የለውም።

ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የሚጠቀሙት ተርኒቲንን ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 በካሊፎርኒያ የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የጀመሩት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ወደ 1.75 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጧል። የምርምር መጽሔቶች የሚጠቀሙበት አይቴንቲኬትም የዚሁ ድርጅት ነው።

ሁለት ቃላትን እዚሁ እንለይ። ፕሌጃሪዝም፣ በአማርኛ የጽሑፍ ስርቆት የምንለው፣ የሌላን ሰው ሐሳብ ወይም ቃል የራስ አስመስሎ ማቅረብ ነው። ተመሳሳይነት ደግሞ በሁለት ጽሑፎች ውስጥ አንድ ዓይነት ቃላት በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል መገኘታቸው ነው። ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ምንጩን ጠቅሳችሁ በትምህርተ ጥቅስ ያስቀመጣችሁት ዓረፍተ ነገር ተመሳሳይ ነው፤ ስርቆት ግን አይደለም። ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሐሳቡን ወስዶ በአማርኛ ተርጉሞ ስሙን ሳይጠራ ያለፈ ሰው ሰርቋል፤ ሪፖርቱ ላይ ግን ምንም ላይታይ ይችላል። ድርጅቱ ራሱም ሶፍትዌሩ ተመሳሳይነትን እንደሚያሳይ፣ ስርቆት ነው አይደለም የሚለውን ግን ሰው እንደሚወስን በግልጽ ይናገራል።

ላብራቶሪ ሄዳችሁ ደም ሰጣችሁ እንበል። የላብራቶሪ ባለሙያው ቁጥር ጽፎ ይሰጣችኋል። በሽታውን የሚናገረው ግን ሐኪሙ ነው። ወረቀቱን ያያል፣ ምን እንደሚሰማችሁ ይጠይቃል፣ ከዚያ ይወስናል። ሪፖርቱ የላብራቶሪው ወረቀት ነው። ሐኪሙ መምህራችሁ ናቸው። ቀድማችሁ ካያችሁት ደግሞ ለራሳችሁ የመጀመሪያው ሐኪም እናንተው ናችሁ።

ማሽኑ እንዴት ያገኘዋል?

የድርጅቱ ትክክለኛ አሠራር የንግድ ምስጢር ነው። መርሁ ግን የታወቀ ነው። ይህን ዓረፍተ ነገር ውሰዱ፦ «በጥናቱ አካባቢ ያሉ አርሶ አደሮች በአብዛኛው የሚተዳደሩት በጤፍ እርሻ ነው።» ማሽኑ ዓረፍተ ነገሩን እንደ እኛ አንብቦ አይረዳም። ይቆራርጠዋል። «በጥናቱ አካባቢ ያሉ አርሶ አደሮች» አንድ ቁራጭ ነው። «አካባቢ ያሉ አርሶ አደሮች በአብዛኛው» ሁለተኛ ቁራጭ ነው። «ያሉ አርሶ አደሮች በአብዛኛው የሚተዳደሩት» ሦስተኛ። እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ ቁጥር ይቀየራል። ያ ቁጥር የቁራጩ አሻራ ነው።

ከዚያ አሻራዎቹ በቋት ውስጥ ካሉ አሻራዎች ጋር ይተያያሉ። ቋቱ ሦስት ዓይነት ነገር አለው። አንደኛው ኢንተርኔት ላይ ያለ ጽሑፍ ነው፤ ከድረ ገጽ ከተነሳ በኋላም የተቀመጠ ቅጂው ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው የምርምር መጽሔቶችና መጻሕፍት ናቸው። ሦስተኛው ከዚህ በፊት ሌሎች ተማሪዎች ያስገቧቸው ወረቀቶች ናቸው። ይህን ሦስተኛውን ልብ በሉልኝ። በኋላ የምንመለሰው ወደ እሱ ነው።

በአሻራው መንገድ ሁለት ነገር ይገባችኋል። አንድ ቃል መቀየር አያድናችሁም፤ ያ ቃል የሌለባቸው ቁርጥራጮች እንዳሉ ይገጥማሉና። ቋቱ ውስጥ የሌለ ነገር ደግሞ አይገጥምም። የሠፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ብቻ ያለ የ1960ዎቹ መጽሐፍ ለማሽኑ የለም። ስለዚህ ዜሮ ፐርሰንት የንጽሕና ምስክር ወረቀት አይደለም።

ፐርሰንቱ ከምን ይሰላል?

ከቃላት ብዛት ነው። 10,000 ቃላት ያሉት ቴሲስ ውስጥ 1,800 ቃላት ከሌላ ቦታ ጋር ከገጠሙ 18 ፐርሰንት ይወጣል። ተርኒቲን ለዚህ ቀለም ይሰጣል። ምንም ካልገጠመ ሰማያዊ ነው። ከአንድ ቃል እስከ 24 ፐርሰንት አረንጓዴ፣ ከ25 እስከ 49 ቢጫ፣ ከ50 እስከ 74 ብርቱካናማ፣ ከ75 በላይ ቀይ። 32 ፐርሰንት እንግዲህ ቢጫ ነው።

ግን 18ን ከ18 እናወዳድር። የአንዷ ተማሪ 1,800ው ቃል 60 ቦታ ላይ ተበትኗል፤ እያንዳንዱ ሠላሳ ሠላሳ ቃል ነው፤ አብዛኛው የተለመደ አባባል፣ የሕግ አንቀጽና የተጠቀሰ ትርጉም ነው። የሌላው ተማሪ 1,800ው ቃል አንድ ቦታ ነው። ስድስት ሰባት ገጽ ሙሉ፣ ከአንድ ሰው ቴሲስ የተነሳ። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው። ሁለቱም «ከ20 በታች» ናቸው። የመጀመሪያዋ ምንም ችግር የለባትም። ሁለተኛው ከባድ ችግር ውስጥ ነው። ቁጥሩን ብቻ የሚያይ መምህር ሁለቱንም ያሳልፋል። እኔን ከልብ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው፤ ቁጥሩን ብቻ ማየት ታታሪዋን ያስጨንቃል፣ ገልባጩን ያሳልፋል።

ምንም ሳልገለብጥ ለምን ይህን ያህል ወጣ?

የኛ አገር ቴሲስ ላይ የሚቀለሙ ቦታዎችን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እጅግ ይመሳሰላሉ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለው «ይህ ጽሑፍ የራሴ ሥራ መሆኑንና በሌላ ዩኒቨርሲቲ ለዲግሪ አለመቅረቡን አረጋግጣለሁ» የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ሲጻፍ ከሺህ ቴሲሶች ጋር ይገጥማል። ሥራው የራሳችሁ መሆኑን የምታረጋግጡበት ገጽ ራሱ ይቀለማል። የዩኒቨርሲቲው ስም፣ የትምህርት ክፍሉ ስም፣ የፈራሚዎቹ ሰንጠረዥ ይቀለማል። ምዕራፍ ሦስት ላይ የናሙና መጠን ለመወሰን ሁሉም የሚጠራው የያማኔ የ1967 ቀመር አለ፤ እሱን የሚያስተዋውቀው ዓረፍተ ነገር ይቀለማል። መጨረሻ ላይ «ውድ ተጠያቂ፣ የዚህ መጠይቅ ዓላማ...» የሚለው አባሪ ይቀለማል። የማጣቀሻ ዝርዝሩማ ሙሉ በሙሉ ሊቀለም ይችላል፤ አንድን መጽሐፍ የጠቀሱ ሰዎች ሁሉ ርእሱንና ደራሲውን የሚጽፉት በአንድ መንገድ ነውና።

ለዚህ ነው ማጣሪያ ያለው። ማጣቀሻውን ከስሌት ማስወጣት ይቻላል። በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ያለውን ማስወጣት ይቻላል። ከተወሰነ ቃል በታች የሆኑ ጥቃቅን ግጥምጥሞሾችንም እንዲሁ። እንደ ወንፊት ነው፤ የቀዳዳውን ስፋት ስትቀይሩ የሚቀረው ይቀየራል። አንድ ወረቀት በአንዱ ማጣሪያ 31፣ በሌላው 17 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ «ስንት መጣ?» ከማለታችሁ በፊት «በምን ማጣሪያ?» ብላችሁ ጠይቁ። ጓደኛችሁ 12 አምጥታ እናንተ 28 ብታመጡ ምናልባት የማጣሪያ ልዩነት ብቻ ነው።

እሺ፣ ስንት ፐርሰንት ነው የሚፈቀደው?

ለሁሉም የሚሠራ ቁጥር የለም። ሶፍትዌሩ ራሱ ገደብ አያወጣም። ገደቡን የሚያወጣው ተቋሙ ነው፤ በአንድ ግቢ ውስጥም ከትምህርት ክፍል ትምህርት ክፍል ሊለያይ ይችላል። የትምህርት ክፍላችሁን መመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ። ከቁጥሩ ጋር ማጣሪያውንም፣ ከአንድ ምንጭ ብቻ ስንት እንደሚፈቀድም ጠይቁ። ከሰሚ ሰሚ በሚመጣ ቁጥር አትመሩ።

ሪፖርቱን እንዴት ላንብበው?

ፐርሰንቱን ለጊዜው እርሱት። ወደ ምንጮቹ ዝርዝር ሂዱ። ከአንድ ምንጭ ትልቁን ድርሻ የያዘው ከላይ ይቀመጣል። ከእሱ ጀምሩ። የተቀለመውን አንቀጽ ሙሉውን አንብቡና ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህን ዓረፍተ ነገር ማን ጻፈው? እኔ ከሆንኩ ለምን ገጠመ? ሌላ ሰው ከሆነ ስሙ አለ? ቃሉ የእሱ ከሆነ ትምህርተ ጥቅስ አለ?

አዲሱ የተርኒቲን ሪፖርት ግጥሞቹን በአራት ወገን ይከፍላቸዋል። ምንጭም ጥቅስም የሌላቸው፣ ትምህርተ ጥቅስ የጎደላቸው፣ ምንጭ የጎደላቸው፣ ሁለቱም የተሟሉላቸው። የመጨረሻዎቹን ተዋቸው። ሥራ ያለው የመጀመሪያዎቹ ላይ ነው።

የምንጮቹ ዝርዝር ላይ «ለእንዲህ ያለ ዩኒቨርሲቲ የገባ የተማሪ ወረቀት» የሚል ብታዩ አትደንግጡ። ያን ልጅ አታውቁትም፤ እሱም አያውቃችሁም። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ሁለታችሁም አንድ አዋጅ ወይም አንድ መጽሐፍ ጠቅሳችሁ ነው።

አሁን ብዙዎች የሚወድቁበት ቦታ ላይ ደረስን። ምንጩ እንዲህ ይላል እንበል፦ «በከተማዋ ያለው የመኖሪያ ቤት እጥረት ከሕዝብ ቁጥር መጨመር ጋር ተያይዞ ከዓመት ወደ ዓመት እየተባባሰ መጥቷል።» ተማሪው ሪፖርቱን አይቶ እንዲህ ያስተካክለዋል፦ «በመዲናዋ ያለው የመኖሪያ ቤት ችግር ከነዋሪ ቁጥር መጨመር ጋር ተያይዞ ከዓመት ዓመት እየከፋ መጥቷል።» ፐርሰንቱ ወረደ። ዓረፍተ ነገሩ ግን አሁንም የዚያ ሰው ነው። ልብሱን ቀይሯል እንጂ ሰውዬው ያው ነው።

የራስ የሆነው እንዲህ ይመስላል፦ «ጥናቱ የቤት እጥረቱን የሚያያይዘው ከሕዝብ ብዛት ጋር ነው (የጸሐፊው ስም፣ ዓመት)። የኪራይ ዋጋ ያለውን ድርሻ ግን አላየም፤ ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።» ልዩነቱ ይታያችኋል? እዚህ ተማሪው አስቧል። የሌላው ሰው ሐሳብ ስሙ ተጠርቶ ቆሟል፤ የራሱ ሐሳብም ከጎኑ ቆሟል። ይህን ለመጻፍ የሚረዳው ምንጩን አንብቦ፣ ገጹን ዘግቶ፣ ለጓደኛ እንደሚያስረዱት አድርጎ መጻፍ ነው። በቅኔ ቤትም ተማሪው የመምህሩን ቅኔ ይሰማል፣ ያጠናል፣ መንገዱን ይማራል። ተራው ሲደርስ ግን የራሱን አዲስ ቅኔ ነው የሚቆጥረው።

ከማስገባቴ በፊት የት ልፈትሸው? ቴሌግራም ላይስ?

ስለ ሦስተኛው የተማሪ ወረቀቶች ቋት ልብ በሉ ብዬ ነበር። ታሪኩ እዚህ ጋ ነው።

ተርኒቲን ላይ ወረቀት ሲገባ አካውንቱን የሚያስተዳድረው ሰው ምርጫ አለው። ወረቀቱ ቋት ውስጥ ይቀመጥ ወይስ አይቀመጥ? ከተቀመጠ ከዚያ በኋላ ለሚገቡ ወረቀቶች ሁሉ ማመሳከሪያ ይሆናል። አሁን ቴሲሳችሁን በቴሌግራም ለማታውቁት ሰው ላካችሁ። ሰውዬው ከየት እንዳመጣው በማይታወቅ አካውንት አስገባው። ቋት ውስጥ እንዲቀመጥ ይሁን እንዳይቀመጥ አታውቁም፤ ምናልባት እሱም አያውቅም። ሪፖርቱን ላከላችሁ፤ 14 ፐርሰንት ይላል። ደስ አላችሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ዩኒቨርሲቲያችሁ ራሱ ሲፈትሸው 100 ፐርሰንት ሊወጣ ይችላል። ምንጩ? «ለሌላ ተቋም የገባ የተማሪ ወረቀት»። የገጠማችሁት ከራሳችሁ ጋር ነው። ግን ይህን ለመምህራችሁ እንዴት ታስረዳላችሁ? ዲፌንስ፣ ቴሲሳችሁን በፈታኞች ፊት የምታቀርቡበት ቀን፣ ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው?

ለዚያች ልጅ «አትላኪ» ያልኳት ለዚህ ነው። ሌላም ስጋት አለ። ያ ፋይል ውስጥ የወራት ልፋታችሁ አለ። የማታውቁት ሰው እጅ ከገባ ለሌላ ተማሪ አለመሸጡን በምን ታውቃላችሁ? ስድስት ኪሎና አራት ኪሎ አካባቢ ግድግዳው ላይ «ሪሰርች እናማክራለን» የሚል ወረቀት ስንት ቦታ ተለጥፎ አይታችኋል?

ታዲያ የት? መጀመሪያ አማካሪያችሁን ጠይቁ። መምህር ለረቂቅ የሚሆን ማስገቢያ ከፍቶ ወረቀቱ ቋት ውስጥ እንዳይቀመጥ ማድረግ ይችላል። በጨዋ ቋንቋ «ረቂቄ ቋት ውስጥ ሳይቀመጥ አንድ ጊዜ ቢፈተሽልኝ» በሏቸው። ቤተ መጻሕፍቱን ወይም የድኅረ ምረቃ ቢሮውን ጠይቁ። አሜሪካ ወይም አውሮፓ የምትማሩ ከሆነ ትምህርት ቤታችሁ ድራፍት ኮች የሚባለውን የተርኒቲን መሣሪያ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ጉግል ዶክስና የኦንላይን ዎርድ ውስጥ ይሠራል፤ ለአንድ ሰነድ እስከ ሦስት ጊዜ ይፈትሽላችኋል፤ ጽሑፉንም ቋት ውስጥ አያስቀምጥም። ሦስቱን ዕድል በጥቃቅን ለውጥ አትጨርሱት።

መምህሩ ደግሞ እንደገና ማስገባት የሚፈቅድ አሳይመንት ከከፈተላችሁ ጊዜውን አስሉ። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሪፖርቶች ቶሎ ይመጣሉ። ሦስት ጊዜ ደግማችሁ ካስገባችሁ በኋላ ግን ቀጣዩ ሪፖርት 24 ሰዓት ያስጠብቃል። ዴድላይኑ ሌሊት ስድስት ሰዓት ከሆነ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ አራተኛውን መላክ ዋጋ የለውም።

ሁሉም በር ከተዘጋባችሁስ? በእጅ ይሠራል። ከጽሑፋችሁ የእናንተ የማይመስላችሁን፣ ለስለስ ብሎ የሚፈስ ዓረፍተ ነገር ምረጡ። ስምንት አሥር ቃል ወስዳችሁ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ጉግል ላይ ፈልጉት። ከየት እንደመጣ ብዙ ጊዜ ያወጣዋል። አድካሚ ነው፤ ነጻ ነው፤ ፋይላችሁም ከእጃችሁ አይወጣም።

ወረቀቴ ቋት ውስጥ መቀመጡ መብቴን አይነካም?

ጥያቄው ፍርድ ቤት ደርሷል። የቨርጂኒያና የአሪዞና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የቅጂ መብታችን ተጥሷል ብለው የተርኒቲንን ባለቤት ድርጅት ከሰሱ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአሜሪካ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ለማመሳከሪያ ብቻ መቀመጡ ተገቢ አጠቃቀም ነው ብሎ ለድርጅቱ ፈረደ። ያ የአሜሪካ ሕግ ነው። ጽሑፉ ግን የተማሪው ንብረት እንደሆነ ይቀጥላል።

«ፐርሰንት እናወርዳለን» የሚሉትስ?

የሚያወርዱበት መንገድ ይታወቃል። አንዳንዶቹ የላቲኑን «ኤ» አውጥተው መልኩ አንድ የሆነውን የሩሲያ ፊደል ይተካሉ። ዓይን አይለየውም፤ ማሽኑ ግን ሌላ ቃል ያየዋል። አንዳንዶቹ በቃላት መካከል ነጭ ፊደል ይደብቃሉ። ተርኒቲን አሁን እንዲህ ያለውን የተተካ ፊደልና የተደበቀ ጽሑፍ ለይቶ ለመምህሩ ምልክት ያደርግበታል። አስቡት፤ 30 ፐርሰንት የነበረው ንጹሕ ወረቀታችሁ ዝቅ ብሎ፣ አጠገቡ ግን የማታለል ምልክት ይዞ ሲቀርብ። የመጀመሪያው ይብራራል። ሁለተኛው አይብራራም።

ሌላው መንገድ ቃላትን በጅምላ በሚተካ ሶፍትዌር ማሳለፍ ነው። የቱሉዝ ዩኒቨርሲቲው ጊዮም ካባናክና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2021 ታትመው የወጡ ጥናቶች ውስጥ የዚህን ዱካ አገኙ። «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል «ሐሰተኛ ንቃተ ሕሊና» ሆኗል። «የጡት ካንሰር» የሚለው «የደረት አደጋ» ዓይነት ትርጉም ባለው ቃል ተተክቷል። ማሽኑ አልያዘውም። ያነበበ ሰው ግን ያዘው። ዲፌንስ ላይ ፈታኙ «እዚህ ጋ ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» ብለው ሲጠይቁ ጽሑፉን ያልጻፈ ሰው መልስ የለውም።

በአማርኛ ከጻፍኩስ?

ይህን የሚያብራራ ሰው ስለማይገኝ ትንሽ ልቆይበት። ማሽኑ የሚያየው ፊደል ነው። እኛ ደግሞ አንድ ድምፅ በብዙ ፊደል እንጽፋለን። «ጸሐፊ» እና «ፀሀፊ» ለእኔና ለእናንተ አንድ ሰው ናቸው። «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሥራ» እና «ስራ» አንድ ናቸው። በፊደል ብቻ ለሚያወዳድር ማሽን ግን የተለያዩ ቃላት ናቸው። የገለበጠው ልጅ አጻጻፉ ከምንጩ ስለተለየ ብቻ ሳይገጥም ሊያልፍ ይችላል።

ቃሎቻችንም ይጣበቃሉ። ቤቱ፣ በቤቱ፣ ለቤቱም፣ ከነቤቱ። በእንግሊዝኛ ሦስት ቃል የሚሆነው በአማርኛ አንድ ነው። ጫፉ ላይ አንድ ፊደል ሲቀየር አሻራው ይቀየራል።

ትልቁ ችግር ግን ቋቱ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ የኮምፒውተር ፊደላት ሥርዓት ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ዓመታት፣ በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ዓይነት ፊደሎች (ፎንቶች) ስንጽፍ ኖረናል። እነዚያ ፋይሎች ፊደሉ ሲነሳላቸው የላቲን ምልክት ጭምቅ ሆነው ነው የሚታዩት። ማሽኑም የሚያየው ያንን ነው። የቆዩ መጻሕፍትና የቆዩ የመመረቂያ ጽሑፎች ደግሞ ብዙዎቹ ወረቀት ላይ ብቻ ናቸው፤ ስካን የተደረጉትም አብዛኞቹ ፎቶ ናቸው እንጂ የሚፈለግ ጽሑፍ የላቸውም።

ስለዚህ በአማርኛ የተጻፈ ወረቀት 3 ፐርሰንት ቢያመጣ ስለ ወረቀቱ ብዙም አይነግረንም። የሚነግረን ስለ ቋቱ ነው። የአማርኛና የሥነ ጽሑፍ ክፍል መምህራን አሁንም የሚተማመኑት በንባባቸው ነው፤ ትክክል ናቸው። ተማሪውም በአማርኛ ሲጽፍ ሪፖርት ላይ መደገፍ አይችልም። ማስታወሻ ስትይዙ ከመጽሐፉ ቃል በቃል የወሰዳችሁትን በሌላ ቀለም ጻፉ፤ የገጹን ቁጥር አጠገቡ አስቀምጡ። ከሦስት ወር በኋላ የቱ የእናንተ፣ የቱ የመጽሐፉ እንደሆነ አታስታውሱትም። ብዙ ስርቆት የሚመስል ነገር የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ቻትጂፒቲንስ ያውቃል?

የተመሳሳይነት ፐርሰንቱ ይህን አያውቅም። ቻትጂፒቲ አዲስ ዓረፍተ ነገር ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ቋቱ ውስጥ ካለው ጋር አይገጥምም። ተርኒቲን ለዚህ ሌላ መለኪያ ያወጣው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ነው። ሁለቱ ቁጥሮች ለየብቻ ናቸው፤ አትቀላቅሏቸው።

ሁለተኛው ቁጥር ምንጭ አያሳይም። «ይህ የማሽን ጽሑፍ ይመስላል» የሚል ግምት ነው። ድርጅቱም ከ20 ፐርሰንት በታች የሆነውን ቁጥሩን ትቶ በኮከብ ምልክት ብቻ ያሳያል፤ በዚያ ደረጃ የመሳሳት ዕድሉ ከፍ ስለሚል ነው። የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2023 መለኪያውን ዘጋው። ስሌታቸው ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ወደ 75,000 ወረቀት አስገብተዋል፤ ስህተቱ 1 ፐርሰንት ብቻ ቢሆን እንኳ 750 ያህል ወረቀት ያለጥፋቱ ይጠረጠራል።

ለእኛ የሚቀርበው ሌላ ጥናት ነው። የስታንፎርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 በሰባት ሌሎች መለያ ሶፍትዌሮች ላይ ሙከራ አደረጉ። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ቶፍል ለሚባለው የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የጻፏቸውን 91 ድርሰቶች ሰጧቸው። ሶፍትዌሮቹ በአማካይ 61 ፐርሰንቱን በስህተት የማሽን ጽሑፍ አሉ። ምክንያቱ የቃላት ምርጫ ነው፤ በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፍ ሰው የተለመዱ ቃላትንና ቀላል አገባብን ይመርጣል። ተርኒቲን ከተፈተኑት ውስጥ አልነበረም። ያም ሆኖ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርነው ለእኛ ጉዳዩ ቀላል አይደለም። መከላከያችሁ የጽሑፉ ታሪክ ነው። ጉግል ዶክስ ላይ ጻፉ፤ እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ ያስቀምጥላችኋል። በእጅ የያዛችሁትን ማስታወሻ አትጣሉ።

ሁሉን አስተካክዬ አሁንም ከፍ ቢልስ?

ይሆናል። በተለይ የሕግ ተማሪዎች አዋጅ ቃል በቃል መጥቀስ አለባቸው፤ የአዋጅ ቃል አይቀየርም። እንዲህ ሲሆን ቁጥሩን ለማውረድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር አታበላሹ። አንድ ገጽ ማስታወሻ ጻፉ። «ምንጭ 1፣ 7 ፐርሰንት፦ የአዋጁ አንቀጾች፤ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ናቸው። ምንጭ 2፣ 4 ፐርሰንት፦ የማረጋገጫ ገጽና መጠይቅ። ምንጭ 3፣ 3 ፐርሰንት፦ ምዕራፍ ሁለት ላይ ምንጭ ረስቼ ነበር፤ ገጽ 24 ላይ ጨምሬያለሁ።» ይህን ከሪፖርቱ ጋር አያይዛችሁ ለአማካሪያችሁ ስጡ። ከዚያ በኋላ የምታወሩት ስለ 32 አይሆንም፤ ገጽ 24 ላይ ስላለው አንቀጽ ይሆናል።